ለችግኝ የተነፈገው ጀሪካን

ጋሽ ፓምፕ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ልጃቸው ቤት ሲገሰግሱ ከአውቶቡስ ከምትወርደው የእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ቅጽል ስማቸውን ያተረፈላቸው አበባ እርሻ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ጀርባቸው ላይ ያዘሉት የጸረ ተባይ መርጫ ነው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ቤተ ሙከራ የምትሠራ፣ ጥያቄ የማያልቅባት ተመራማሪ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ የመርዝ ጀሪካን አይደለም እንዴ?»

«ነበር። በአመድ ፈትጌ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ አስመትቼዋለሁ። እስቲ አሽቺው። ቧንቧ ሲጠፋ ልጄ ውኃ ታጠራቅምበት ብዬ ነው።»

አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም። ልጃቸው ካገባች ወዲህ መውለድ ናፍቋት ሐኪም ቤት እንደምትመላለስ ሁለቱም ያውቃሉ። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ተመራማሪዋ ሰላም ብላቸው አልፋ ትሄድ ነበር።

«አይቆጡኝ፣ ጋሼ። መርዝ ሲፈራርስ በኖ አይጠፋም። ፍርስራሹ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ሽታ ላይኖረው ይችላል። አንዳንዱ የሴት እንቁላል የሚያድግበት ቦታ ሲደርስ፣ እዚያ የሚመረተውን ሆርሞን ያዛባል። ሆርሞኑ ከጎደለ እንቁላሉ በወጉ አይበስልም። ይህ በአይጦች ላይ ታይቷል።»

«የእኔን ልጅና አይጥን ምን አገናኛቸው? ስረጭ ኖሬ ይኸው ወልጄ የለም?»

«እርስዎማ እንቁላል የለዎትም።»

ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ግን ንቅንቅ አላሉም። ያን ጊዜ፣ «እሺ፣ በዚህ ጀሪካን ችግኝ ያጠጣሉ?» አለቻቸው።

«እንዴት ተደርጎ! የችግኝ ውኃ ዕቃው ለብቻ ነው። መርዝ የነካው ዕቃ ቢታጠብም ቅጠል ያጨማድዳል። አዲስ ገቢዎቹን ስንቴ ተቆጥቻቸዋለሁ...» ብለው ያንጠለጠሉትን ጀሪካን አዩት።

የረቱት የተመራማሪዋ አይጦች አይደሉም፤ የገዛ ሙያቸው ነው። ለችግኝ የነፈጉትን ዕቃ ለልጃቸው ማንጠልጠላቸው ቆጫቸው።

«አምናም አንድ ሰጥቻታለሁ እኮ» አሉ።

«ሳትወልድ የዘገየችው በዚህ ነው ማለት አልችልም፣ ጋሼ። ለሐኪሟ እንንገር። ማስቆሙ ግን በእጃችን ነው።»

አብረው ሄዱ። ጋሽ ፓምፕ የአምናውን ጀሪካን ከልጃቸው ማድ ቤት ራሳቸው አወጡት፤ ምክንያቱንም ሳይደብቁ ነገሯት። በማግስቱ እርሻው ላይ ረጪዎቹን ሰብስበው ሁለቱንም ጀሪካኖች በምስማር በሳስተው ወንፊት አደረጓቸው።

«ከእንግዲህ ባዶ የመርዝ ዕቃ ወደ ማንም ቤት አይሄድም! መርዝ በነካው ልብሱም ቤቱ የሚገባ ከእኔ ጋር አይሠራም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ የረጪዎቹ ልብስ እዚያው ይታጠባል፤ ባዶ ዕቃ ተበስቶ ለአምራቹ ይመለሳል፤ ሚስቶችና ሴት ልጆች ከመርዝ ዕቃ ውኃ አይቀዱም። አንድ ኃላፊ ይህንኑ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ማንም ዞር ብሎ ያላየው መመሪያ፣ ጋሽ ፓምፕ አፍ ላይ ሲውል ሕግ ሆነ።

በእረፍታቸው ቀን አዲስ የውኃ ጀሪካን ገዝተው ለልጃቸው አደረሱ። መጀመሪያ የቀዳችውን ውኃ ለአባቷ ልትሰጥ ስትል እጇን መለሱት።

«አንቺ ቅደሚ፣ ልጄ» አሉ፤ ጠጥታ እስክትጨርስም ቆመው አዩዋት።