ጸበል የተረጨው ጠረጴዛ

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ከተቀመጡት አንዱ መንገድ ዳር ብስኩት የሚሸጥ ወጣት ነው፤ ከጎኑ አንዲት አሮጊት አሉ።

«እማማ፣ ገበያ ይቅናኝ ብዬ ጠረጴዛዬን በነፍስ አባቴ ጸበል አስረጨሁት።»

«ደግ አደረግህ። ቀናህ?»

«ሰውማ ጎረፈ። ጠረጴዛውን እየተሳለመ ያልፋል።»

«አይገዛም?»

«ብስኩቱን ለበረከት ብሎ ዝም ብሎ ያነሳል። ክፈሉ ስል፣ ‹በረከት ትሸጣለህ?› ብለው ይቆጡኛል።»

«እውነታቸውን እኮ ነው!»

«ከሰርኩ እኮ፣ እማማ! ስለ ጸበሉ ወዳልሰሙበት፣ እዚሁ መንገድ ላይ ወዳለው አምበር ልሄድ ነው።»

«ጠረጴዛውስ?»

«ይኸው ጣሪያው ላይ ተጭኗል።»

«ከራሳችን በላይ? ሹፌር፣ አቁምልን፣ እንሳለም!»

መምህር ነኝና ተራ ጠረጴዛ መሆኑን ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መኪናው ቆሞ ተሳፋሪው ሁሉ ሊሳለም ሲሰለፍ ግን እኔም ኮፍያዬን አውልቄ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ።