የልጄና የጊደሬ ክትባት

ስሙማ! ከጨፋ ጊደር ነድቼ ሰንበቴ ገበያ ሄድኩላችሁ። አንድ የአፋር ነጋዴ እጄን ጨብጦ ዋጋ ይከራከረኛል፤ እኔም «ወላሂ የአባ ሰንጋ ክትባት ወስዳለች!» እያልኩ እምላለሁ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ስልኬ ደግሞ ጆሮ ላይ ስለማይሰማ ሁሌም በስፒከር ነው። የደወለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ በየአገሩ እየደወሉ ስለ ሕፃናት ክትባት ያጠናሉ አሉ። «ትንሹ ልጅዎ የኩፍኝ ክትባት ወስዷል?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! «ይህን የምታውቀው እናቱ ናት» አልኳት። «እንግዲያው ይጠይቁልኝ፤ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች። ነጋዴው እጁን ከእጄ ሳብ አደረገ። «የልጅህን ሳታውቅ የጊደሯን በምን አወቅህ?»

ደሜ ፈላ። እዚያው ባለቤቴ ዘንድ ደወልኩ። «ዘሃራ፣ ልጁ ተከትቧል አልተከተበም? ሰው ይስማሽ፣ ጮክ ብለሽ ተናገሪ!»

«ልጁንማ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስከትቤዋለሁ» አለች፤ ገበያው ሁሉ ይሰማል። «ያልተከተበችውማ ጊደሯ ናት! የከብት ሐኪሙ የመጣ ቀን አንተ ጫት ላይ አልነበርክ?»

ነጋዴው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «ልጅህን አላህ ያሳድግልህ» ብሎኝ ወደ ሌላ ጊደር ሄደ።