ባሕር ወሰደው ተብሎ የተጻፈላቸው ካፒቴን ኦኬ ፍሩደን

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ በዚህ ብርድ ከጎረቤት ደሴቶች በጀልባ የመጣችሁም ጭምር፦ የካፒቴን ኦኬ ፍሩደን ዜና ሕይወት ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ያውም በድንጋይ ላይ፣ አንድ ጊዜ ተጽፎ ስለ ነበር፣ የዛሬው አንባቢ፣ የባለቤታቸው ወንድምና የዚያ ጽሑፍ ደራሲ መምህር ኔክልስ፣ የፊተኛውን እያረመ ማንበብ ግድ ሆኖበታል።

ካፒቴን ኦኬ ከአባታቸው ከዓሣ ነባሪ አዳኙ ከፍሩድ ቦየንና ከእናታቸው ከማሬት በ1719 ዓ.ም. በዚችው በፎር ደሴት ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት የደወል ደዋዩን ገመድ ከእጁ አስጥሏል ይባላል። ለትምህርት ሲደርሱም በብርዱ ወራት በአረጋውያን ካፒቴኖች ማድ ቤት ተቀምጠው፣ በከዋክብት መንገድ መፈለግን ከሾርባ ጋር እየቀመሱ ተምረው፣ በሃያ ሦስት ዓመታቸው የንግድ መርከብ አዛዥ ለመሆን በቁ።

በዚያው ዓመት ወይዘሮ ክራሰንን አገቡ። እንደ ደሴታችን ወንዶች ሁሉ በየካቲት የመሰናበቻው እሳት በኮረብታው ላይ ሲነድ ሄደው በኅዳር ስለሚመለሱ፣ ሦስቱም ልጆቻቸው በነሐሴ ወር ተወለዱ። ወይዘሮ ክራሰን አሥራ አምስት የካቲት እሳቱ ዳር ቆመው ሸኝተዋቸዋል፤ በአሥራ አምስቱም አልቅሰዋል፤ ይህንን ግን ጭሱ ነው እያሉ ይክዱ ነበር።

በ1757 ዓ.ም. ከሊዝቦን ጨው ጭነው ሲመለሱ መርከባቸው በማዕበል ተሰበረች። ወደ ሕንድ የምትጓዝ ትልቅ መርከብ እርሳቸውንና በዚያ ጉዞ ብቻ የውጭ አገር ሰዎች የነበሩትን ባሕረኞቻቸውን በሙሉ ብታነሣቸውም፣ ለጥቂት እርጥብ ሰዎች ብዬ ወደ ኋላ አልዞርም በማለቷ፣ ሕንድ ደርሰው እስኪመለሱ ሁለት ዓመት ፈጀ። የላኩት ደብዳቤም እርሳቸው ከገቡ ከስምንት ወር በኋላ ደረሰ። እኛ ግን አልቅሰን፣ እርማችንን አውጥተን፣ በልማዳችን መሠረት ሕይወታቸውን በድንጋይ አስቀርጸን በዚሁ አጸድ አቁመን ነበር።

እሑድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ድንጋዩን ሲያነቡ አገኘናቸው። ሰው ሁሉ ሲደነግጥ እርሳቸው ዞር ብለው፣ «ክራሰን፣ ይኼ ሰውዬ ማነው? ደግ ሰው ነበር መሰለኝ» አሉ።

እውነት ለመናገር ደራሲው እህቱን ለማጽናናት ብሎ አጋንኖ ነበር። «ሚስቱን ተቆጥቶ የማያውቅ፤ ብርቱ መጠጥ በአፉ ያልዞረ፤ ባሕር ወሰደው» ይላል። ወይዘሮ ክራሰንም በዚያው ቀን፣ «በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውሸት ቆሞ አይኖርም፤ ወይ ድንጋዩ ይስተካከላል ወይ አንተ። አንተ ትቀላለህ» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ኦኬ፣ ድንጋዩ!» ይባላሉና፣ ቁጣቸውን ወደ ባሕሩ ዳር ይዘው ሄደው በማዕበሉ ላይ ይጮኹ ነበር። እዚያ የሚግጡት በጎች ከመልመዳቸው የተነሣ ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

የከፋው ግን የመጨረሻው ቃል ነበር። ባሕር ወሰደው ተብሎ በተጻፈለት ሰው መርከብ የሚሳፈር አንድም የፎር ልጅ ጠፋ። ድንጋይ ጠራቢው ቃሉን በነጻ ልፋቀው ቢልም፣ ወይዘሮ ክራሰን «የመቃብር ድንጋይ መፋቅ ሟርት ነው» ብለው መለሱት። ስለዚህ ካፒቴኑ በደሴታችን በየካቲት እሳት ዳር ከሴቶች ጋር ቆሞ የሚሸኝ የመጀመሪያው ወንድ ሆኑ። እርፍ ጨብጠው፣ ትልማቸው እንደ መርከብ መንገድ እየተጣመመ፣ በባለቤታቸው ትእዛዝ አረሱ፤ በብርዱ ወራትም ሌሎችን የከዋክብትን መንገድ አስተማሩ። እኛም ያለ ፈቃዳቸው የታሰሩ መስሎን በሆዳችን እናዝንላቸው ነበር።

በዚህ ጥር ሳል ያዛቸው። ሐኪሙን እንኳ በሹክሹክታ ነው የገሠጹት። የካቲት በገባ በሦስተኛው ቀን በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ለመገነዣ ሸሚዛቸውን ልናወጣ የባሕር ሣጥናቸውን ስንከፍት፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ከኮፐንሃገን የመርከብ ባለቤቶች የተጻፈ ደብዳቤ ከሥሩ አገኘን። ባለ ሦስት ምሰሶ አዲስ መርከብ ከነባሕረኞቿ፣ ያውም ስለ ድንጋያችን ያልሰሙ ዴንማርካውያን፣ ትጠብቅዎታለች ይላል። በጀርባው የመልሳቸው ረቂቅ በእጃቸው ተጽፏል፦ «ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሚስቴ ድንጋዩን ያላስፋቀችው ለምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን የማላውቅ ይመስላታል። አሥራ አምስት የካቲት ሸኝታኛለች፤ ይበቃታል። አልመጣም።»

ሲነበብላቸው ወይዘሮ ክራሰን ሸሚዙን እንደ ታቀፉ ቁጭ አሉ። «ይኼ ሽማግሌ! እኔ እኮ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያታለልኩት መስሎኝ በጸሎቴ ሁሉ ይቅር በለኝ ስል ኖርኩ!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያውም አለቀሱ። ጭስ አልነበረም።

ካፒቴን ኦኬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ክራሰንን፣ ልጆቻቸውን ፍሩድን፣ ገንትየንና ካይከን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም በባሕሩ ዳር ዝምታው ግራ ያጋባቸውን በጎች ትተውልን ሄደዋል። ቁጣውንና መጠጡን በተመለከተ ድንጋዩ እውነት ሆኗል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ደክመው እውነት ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ወጀቡን ጸጥ የሚያሰኝ ጌታ ነፍሳቸውን በማዕበል የለሹ ወደብ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።

የቀረውንም ቃል ጠራቢው ዛሬ ጠዋት በወይዘሮ ክራሰን ትእዛዝ አርሞታል፤ ስትወጡ ታነቡታላችሁ። አልፋቀውም፤ ጨመረበት እንጂ፦ «ባሕር ወሰደው። ተመልሶ ቤቱ ኖረ፤ ወዶ።»