ሴት የማይገባበት ገዳም ሥዕል

ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስንመጣ ሽማግሌው መነኩሴ የየትኛው ደሴት ገዳም እንደሆኑ ሲናገሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ተማሪ በረጅሙ ተነፈሰች።

«የእርስዎ ገዳም ነው መከራዬን የሚያበላኝ፣ አባ።»

«ምን አደረግንሽ ልጄ?»

«የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው የምማረው። የመመረቂያ ጽሑፌ በሥዕሎቻችሁ ላይ ነው።»

«እኛ ዘንድ ሴት አይገባም እኮ።»

«እሱን ነው የምልዎ! መምህሬ ደግሞ በዓይንሽ ሳታዪ አትጻፊ ይለኛል። ያለኝ ወንድሜ ያነሳልኝ ፎቶ ብቻ ነው።»

«እስኪ አሳዪኝ።»

«ይኸው። የእመቤታችን ልብስ ጫፍ ላይ ትንንሽ አበቦች አሉ። አይተዋቸዋል?»

«አላየሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ የቆምሁት አቀርቅሬ ነው።»

የስልኩን መስታወት በነጠላቸው ጠረጉና ተሳለሙት።

«በይ ልጄ፣ ሌላውንም አሳዪኝ።»

ከጎናቸው የተቀመጥሁት እኔ ቀስ ብዬ ኮፍያዬን አወለቅሁ።