ድንጋዩና ድንኳኑ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ከመካኒሳ ታክሲ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩላችሁ። የአእምሮ ሕመም ይዞት የተኛበት ክፍል ጣሪያው ያፈሳል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሽተኞቹ አልጋቸውን እየጎተቱ ከጥግ ጥግ ይሰደዳሉ። ስደርስ ግቢው የሠርግ ቤት መስሏል። ድንኳን ተጥሏል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ካሜራ ተደርድሯል። ለካ ለአዲሱ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሊቀመጥ ነው! ደስ ሊለኝ ሲል ጎን ለጎን ሁለት ድንጋዮች አየሁ፤ ያምናውና የካቻምናው ናቸው። ሦስተኛው የመጣው እንግዲህ እነሱ እንዳይደብራቸው ይሆናል።

ድንጋዩን ሊያስቀምጡ የመጡት ኃላፊ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ዝናቡ ዶፉን ለቀቀው። እኛ ግን ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳትነካን አጨበጨብን። ኃላፊው ድንጋዩን አስቀምጠው ሲያበቁ፣ ለካሜራ ተብሎ ከፊት ወንበር የተሰጠውን ወንድሜን፣ «እህ፣ የኔ ልጅ፣ ምን ተሰማህ?» አሉት።

«ጌታዬ፣» አላቸው ረጋ ብሎ፣ «ድንጋዩን ይውሰዱትና ድንኳኑን ይተዉልን።»

ኃላፊው ፈገግታቸውን ሳያጠፉ አጠገቡ ወደቆመችው ነርስ ጠጋ አሉና፣ «ይሄ ልጅ መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዳል?» ብለው ጠየቁ።