እትዬ ይጎድላል እና አሥራ አንድ ወር የቆየው ፈቃድ

ሐዘናችንን ለመካፈል ሥራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የእትዬን የሕይወት ጉዞ የምታነብላችሁ ከአራስነቷ ጀምረው ያሳደጓት የታናሽ እህታቸው ልጅ ናትና፣ ድምጿ ቢቆራረጥ ትታገሷት ዘንድ ትለምናለች።

እትዬ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከመንግሥት ደን ባሻገር በምትገኝ አነስተኛ መንደር የዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ተወልደው፣ ሳይለኩ መጋዝ ማንሳት ነውር መሆኑን ከአባታቸው እየተማሩ አደጉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ደኑን በእግር እያቋረጡ ከፈጸሙና በጽሕፈት ሥራ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በመንግሥት መሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ደረጃ በደረጃ የፈቃድ ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቁ።

በመንግሥት መሬት ላይ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ለመዘርጋት የሚፈልግ ሁሉ ፋይሉን ይዞ የሚቆመው በእርሳቸው መስኮት ፊት ነበር። እትዬ ጉቦ የማይቀምሱ፣ ፊት አይተው የማያደሉ፣ ነገር ግን ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው «አንድ ነገር ይጎድላል» ሳይሉ ፋይል የማይቀበሉ ስለነበሩ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ «እትዬ ይጎድላል» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሰምተው ይስቁ ነበር። ካርታቸውን ሦስት ጊዜ የመለሱባቸው አንድ ቀያሽ በአራተኛው ካርታውን ትተው ለጋብቻ ቢጠይቋቸው፣ ይኸኛው እንኳ የተሟላ ነው ብለው እሺ አሏቸው። ሃያ ስምንት ዓመት በፍቅር ኖሩ፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

የዛሬ ሃያ ዓመት የገዛ መንደራቸው ፋይል መጣ። በደኑ ውስጥ አልፎ እስከ መንደሩ ጤና ጣቢያ የሚዘረጋ የስልክ መስመር ነበር። የደኑ መሥሪያ ቤት የመሬቱ ማኅተም ይቅደም ሲል፣ የመሬቱ ደንብ ደግሞ የደኑ ማኅተም ይቅደም ይል ነበር። ለሌላ ባለጉዳይ ቢሆን እትዬ ስልክ አንስተው ይነጋገሩ ነበር፤ ለመንደራቸው ልጆች አደሉ እንዳይባሉ ብለው ግን ፋይሉን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት፤ አሥራ አንድ ወርም እዚያው ቆየ።

በአሥራ አንደኛው ወር በመንደሩ የምትኖረውን ታናሽ እህታቸውን ምጥ ያዛት። ሕፃኗ በደህና ብትወለድም የእናቲቱ ደም አልቆም አለ፤ የጤና ጣቢያው አዋላጅም አምቡላንስ የምትጠራበት ስልክ ስላልነበራት፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው በሩጫ ላከች። አምቡላንሱ ሲደርስ እናቲቱ አርፋለች። ወይ ነዶ! ፈቃዱ እርሷ ባረፈች በሦስተኛው ሳምንት ተፈረመ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሕፃኗን ታቅፈው ወደ ቤታቸው ያስገቡት እትዬ፣ እንባቸው ሳይደርቅ ወደ ሥራቸው ተመልሰው፣ የደኑን፣ የመንገዱንና የውሃውን መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች እየለመኑም እየተቆጡም በአንድ መኪና ጭነው መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ድረስ ይወስዱ ጀመር። ሁሉም መሬቱን አብረው አይተው፣ የጎደለውን እዚያው አሟልተው፣ በመኪናው ኮፈን ላይ ይፈራረማሉ። የደኑ ኃላፊ እኒህ ሴትዮ ጫማ ጨረሱብኝ እያሉ ቢያማርሩም አንድም ቀን አልቀሩም። ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅ የነበረው ፈቃድ በአርባ ቀን ይሰጥ ጀመር። ሰው ሲያመሰግናቸው የእትዬ ፊት ይጠቁር ነበር፤ ልጂቱም ነገሩ ትሕትና ይመስላት ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉበታቸውን ታመው፣ ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሥር ሳይለዩ ቢያስታምሟቸውም ሕመሙ እየጠና ሄደ። ከሦስት ሳምንት በፊት ልጂቱን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ያ ፋይል በማን እጅ እንደቆየ ነገሯት። እርሷም ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ጓደኛዋ ዘንድም ስምንት ቀን ተቀመጠች። ባለቤታቸው በየቀኑ እየደወሉ፣ እትዬሽ በሩን በሩን ያያሉ ቢሏት ስልኩን ትዘጋባቸው ነበር። በዘጠነኛው ቀን አንጀቷ አልችል ብሎ ስትመለስ፣ እትዬ ይተነፍሳሉ እንጂ አይሰሙም ነበር፤ እጃቸውን እንደያዘችም ማክሰኞ ረፋድ ላይ አረፉ።

ስለዚህ በዚያ አልጋ አጠገብ መናገር የነበረባትን፣ አንባቢዋ ዛሬ በእናንተ ፊት ትናገራለች። ይቅር ብላቸዋለች፤ እሳቸውም ይቅር ይበሏት።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና አንዲት ልጅ ትተው አልፈዋል። ቤተ ዘመድ ባዘጋጀው ረቂቅ ላይ «የእህት ልጅ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ አንባቢዋ ዛሬ ጠዋት በእስክሪብቶ ሰርዛ አስተካክላዋለች። ፈጣሪ የልጂቱን እናቶች፣ የሁለቱንም ነፍስ፣ በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን።