ቃሬዛውን ማን ይሸከመው?

ሰኔ አጋማሽ ላይ ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ያገኘሁት፣ አንድ ሽማግሌ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለባትን ማሰሮ ከወንበሩ አንሥተው ጭናቸው ላይ ስላደረጉልኝ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የወንድምአገኝ።»

«የኛው ወንድምአገኝ? ያ ቃሬዛ ብቻውን የሚያነሣው? ሸጋ ሰው! እኔ ባዬ ነኝ፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ።»

ስማቸውን ስሰማ ልጅነቴ መጣብኝ። የአያ ባዬ ጥሩምባ ሲነፋ አባቴ የጎረሰውን ሳይውጥ ይወጣ ነበር። ወንዙ ቢሞላም፣ ምጥ የጠናባት ብትኖርም፣ ጎልማሳው ሁሉ ከየቤቱ ፈልቆ ቃሬዛውን እየተቀባበለ ዳገቱን ይወጣዋል።

ማሰሮዋ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አለ፤ አሸዋው ውስጥ፣ እንዳይሞቅ፣ የሚስታቸው የእንኳየሁ የስኳር መርፌ መድኃኒት። እንኳየሁ ከአልጋ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቤታቸውም ከወንዙ ዳር ነው። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃቸው አጫወቱኝ።

እኔ ትምህርት ያቆምሁት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ አንብቤ ያገኘሁት ስለሆነ ብኮራበት አላፍርም። ዘንድሮ የወረዳው የአደጋ ዝግጁነት ኮሚቴ፣ ጎርፍ ቢመጣ በራሳቸው መሸሽ የማይችሉትን እንድመዘግብ ስለላከኝ ደብተሬን ገለጥሁ።

«አያ ባዬ፣ እዚህ ላይ ‹የባዬ ቤት፣ ሁሉም ጤነኛ› ይላል። በቀበሌው ስብሰባ እንዲህ ያስጻፉት አንቱ ነዎት። ታዲያ መድኃኒቱን ማሰሮዋ ልትወጋው ነው?»

«ምላስሽ ደግሞ ከማን ወጣ? አባትሽ ዝምተኛ ነበር» አሉ። «ሰው ምነው እንደ ከብት ይቆጠራል? አባቶቻችን ልጆቻቸውን እንኳ አይቆጥሩም፤ ሞት ይሰማል ብለው። ደግሞ የቤቴ እመቤት ‹አቅመ ደካማ› ተብላ ቢሮ ለቢሮ ትዙር?»

«የሚዞረው ወረቀቱ ነው እንጂ እሷ አይደለች።»

«ወረቀት! አምና ጎርፍ ሲመጣ ሦስት መሥሪያ ቤት በሦስት ማኪና መጣ። ሦስቱም የጫኑት ብርድ ልብስ! አምስት ደርሶኛል፤ ከበረደሽ አንድ ልመርቅልሽ። መድኃኒት ያለው ግን አንድም አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ስታጣጥር አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት።»

«የየራሳቸውን ዝርዝር ይዘው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ስለመጡ ነዋ! እሱ ጥፋት ነው፤ አልክድም። ዘንድሮ ግን ዝርዝሩ አንድ ነው። ጤና ጣቢያው፣ ግብርናው፣ ትምህርት ቤቱ፣ እድሩም ሳይቀር አብረው ተቀምጠው ሥራውን ይከፋፈላሉ። እህሉን የሚይዝ እህል፣ መድኃኒቱን የሚይዝ መድኃኒት። እንኳየሁ ዝርዝሩ ላይ ከሌለች ግን መድኃኒቱን ለማን ብለው ያስቀምጡ? ምዝገባው ነገ ያበቃል።»

«እኔ ጥሩምባዬን እነፋለሁ። ድሮ አንዴ ስነፋ አርባ ጎልማሳ ከተፍ ይል ነበር።»

«አርባ? ቆጠሩ እኮ አያ ባዬ!»

ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

«ይሁን፣ ቁጥሩን እንተወው። ዘንድሮ ቢነፉ ማን ይመጣል? በስም ይጥሩልኝ።»

«ሐዲስ።»

«መተማ ለሥራ ወርዶ የለ?»

«የታከለ ልጆች።»

«አዘዞ ግንበኛ ናቸው።»

«አባት…» ብለው አቋረጡ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ወጣ። አያ ባዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቤት ለቤት በሐሳባቸው ሲዞሩ አየኋቸው።

«እኔና ፍቅርተማርያም» አሉ በመጨረሻ። «እሱም ወገቡን ያመዋል።»

ቃሬዛውን ይሸከሙ የነበሩት እነዚያ ትከሻዎች እኔንም ናፈቁኝ።

«ጻፊ» አሉ ዝግ ብለው። «እንኳየሁ በይ። ከአልጋ አትነሣም በይ። መርፌዋ ጧትና ማታ ነው በይ።» ጻፍሁ። «ጎረቤታችንን የትነበርሽንም ጨምሪ፤ ወሯ እየገባ ነው፤ ባሏ እዚህ የለም።»

ከፊት አንዲት ሴት ዞረው፣ «የኔን እናት ምነው ዘለልሽ? ዓይኗ አያይም» አሉኝ። ሌላው የወንድሙን ስም ጠራ። አምባ ጊዮርጊስ ደርሰን ሚኒባሱ ቢቆምም የሚወርድ ጠፋ፤ ሾፌሩ ቢቆጣ፣ «ቆይ አንተ፣ ሰው እያስጻፍን ነው!» ብለው አያ ባዬ ራሳቸው ተቆጡት።

ሐምሌ ሲገባ በዝርዝሩ የተጻፉት፣ መንገዱ ሳይቆረጥ በመኪና ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ተወሰዱ። መድኃኒቱ ከጎኑ ባለው ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ለየትነበርሽ ብላ እዚያው ታድር ጀመር፤ እህሉ አስቀድሞ ስለተራገፈ ማንም መኪና አልጠበቀም። አንድ ዝርዝር ያደረገው ይህን ነው፤ ቢሮዎቹ ተስማምተው ሲሠሩ የሚያምር ነገር እንደሚሠሩ እኔም፣ ለአያ ባዬ ያን ሁሉ የተናገርሁት፣ ያን ጊዜ አመንሁ።

በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ የአያ ባዬን ቤት ግድግዳ ከነአልጋው ወሰደው። እንኳየሁ በዚያች ሰዓት በትምህርት ቤቱ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ትራስ ተደግፋ፣ «ለአራስ እንዲህ ያለ ቀጭን ገንፎ ይቀርባል?» እያለች ሴቶቹን ትቆጣ ነበር።